ከክሪፕቶ ወደ ባንክ ሂሳብ፦ የመውጫውን በር አስቀድሞ ማየት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ክሪፕቶከረንሲ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው የሚያነሱትን ጥያቄ ወደ ፊት ያመጣዋል። ሰው የክሪፕቶ መገበያያ ሲመርጥ በቅድሚያ የሚያየው ስንት ዓይነት ክሪፕቶ እንደሚሸጥ፣ መተግበሪያው ለስልክ ምን ያህል እንደሚመች፣ ለአዲስ ተመዝጋቢ ምን ስጦታ እንዳለው ነው። የተሸጠው ቢትኮይን ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ደንበኛው በሚኖርበት አገር ወዳለው የባንክ ሂሳቡ በየት በኩል፣ በስንት ቀንና በምን ወጪ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከቶኪዮ ይጀምራል። በ2013 በዓለም ትልቁ የቢትኮይን መገበያያ በጃፓን ዋና ከተማ የሚገኘው ማውንት ጎክስ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያው ዶላር የሚያንቀሳቅስባቸውን ሂሳቦች ያዘበት። በጁን ማውንት ጎክስ ዶላር ወጪ ማድረግን ለጊዜው አቆመ፤ አገልግሎቱ ተመልሷል ከተባለ በኋላም ብዙ ደንበኞች ገንዘባቸው ባንካቸው እስኪደርስ ሳምንታትና ወራት ጠበቁ። በዚህ መሀል እንግዳ ነገር ታየ። በማውንት ጎክስ ላይ ያለው የቢትኮይን ዋጋ ከሌሎች መገበያያዎች በልጦ ወጣ። ዶላራቸውን በባንክ ማውጣት ያቃታቸው ሰዎች በዚያው ዶላር ቢትኮይን እየገዙ ወደ ሌላ ቦታ ያሸሹ ስለነበር፣ የግዢው ብዛት ዋጋውን ሰቅሎት ነበር።

በፌብሩዋሪ 2014 ቢትኮይን ማውጣትም ቆመ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ 850,000 ያህል ቢትኮይን እንደጠፋም ተናገረ። ከዚህ ውስጥ 200,000 ያህሉ በኋላ ተገኘ። ደንበኞች ድርሻቸውን በቢትኮይን መቀበል የጀመሩት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2024 ነው።

ካናዳም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። ኳድሪጋ ሲ ኤክስ የተባለው መገበያያ በ2018 መጀመሪያ ላይ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ የካናዳ ዶላር የያዙ ሂሳቦች በአንድ ትልቅ ባንክ ታገዱበት። ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ለወራት ሲጉላሉ ኩባንያው ጥፋቱን በባንኩ ላይ ያደርግ ነበር። በዲሴምበር 2018 መሥራቹ ጀራልድ ኮተን ለጉብኝት በሄደበት ሕንድ ሞተ፤ የክሪፕቶው ቁልፍ አብሮት ጠፋ ተባለ። የኦንታርዮ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ግን አብዛኛው ገንዘብ ከመሞቱ በፊት በራሱ በኮተን ማጭበርበር እንደባከነ ገለጸ። ከ76,000 በላይ ደንበኞች ያላቸው ጥያቄ 215 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር።

የሁለቱ ኩባንያዎች ሕመም የተለያየ ነው፤ ምልክቱ መጀመሪያ የታየው ግን በአንድ ቦታ፣ ገንዘቡ ወደ ባንክ በሚወጣበት መስመር ላይ ነው። የባንክ ክፍያ በዘገየ ቁጥር ኩባንያው ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ባንኮች ራሳቸው ክፍያ ያዘገያሉ፤ የበዓል ቀንም አለ፤ የማንነት ማጣራትም አለ። ነገር ግን መዘግየቱ የብዙ ደንበኞች ሲሆንና ምክንያቱ በየሳምንቱ ሲቀያየር፣ ተጨማሪ ገንዘብ ማስገባት መቆም አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ገንዘቡ እንዴት ነው የሚመለሰው? ደንበኛው ቢትኮይኑን ሲሸጥ በስልኩ ላይ የሚያየው ዶላር ወይም ዩሮ በመገበያያው መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ኩባንያው ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ ብሎ የጻፈው ነው። ደንበኛው ወደ ባንክ ይተላለፍ ብሎ ሲያዝ፣ ኩባንያው በስሙ ከከፈተው የባንክ ሂሳብ ወይም ከተዋዋለው የክፍያ አስተላላፊ ድርጅት ክፍያው ይነሳል። ከዚያ በአገሩ የክፍያ መረብ ያልፋል፤ በአሜሪካ ኤሲኤች፣ በዩሮ አገሮች ሴፓ፣ በእንግሊዝ ፋስተር ፔይመንትስ ይባላል። በመጨረሻ የደንበኛው ባንክ የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን ምንጭ አይቶ ሂሳቡ ላይ ያስገባዋል። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ወይም ከተዘጋ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

በአሜሪካ በማርች 2023 ይህ በግልጽ ታይቷል። ሲልቨርጌት እና ሲግኒቸር የተባሉት ሁለት ባንኮች ለክሪፕቶ ኩባንያዎች ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ሳይቀር ዶላር የሚያንቀሳቅሱ መረቦች ነበሯቸው። ሲልቨርጌት ሥራውን እንደሚያቆም ባስታወቀ በቀናት ውስጥ ሲግኒቸርም በመንግሥት ተዘጋ። በጁን 2023 ደግሞ የአሜሪካ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ባይናንስ የተባለውን መገበያያና የአሜሪካ ቅርንጫፉን ከሰሰ፤ በቀናት ልዩነት የአሜሪካው ባይናንስ አብረውት የሚሠሩት ባንኮች የዶላር መስመሩን ሊያቋርጡ መሆኑን ለደንበኞቹ አሳወቀ፤ ዶላራቸውን እንዲያወጡም መከረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በክሪፕቶ ብቻ የሚሠራ መገበያያ ሆነ። ስለዚህ አንድ መገበያያ ስንት ባንኮች አብረውት እንደሚሠሩና አንዱ ቢያቋርጠው ሌላ መስመር ያለው መሆኑን መጠየቅ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

የባንክ መስመር ከተቆጣጣሪው ውሳኔ ጋር እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ናይጄሪያ ናት። በናይጄሪያ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በቅጽበት የሚያስተላልፍ ብሔራዊ መረብ ከ2011 ጀምሮ አለ። ስለዚህ ቢትኮይን የሸጠ ሰው የአገሪቱን ገንዘብ ናይራ በደቂቃዎች ውስጥ ሂሳቡ ላይ እንዳያገኝ የሚያግደው የቴክኖሎጂ ችግር አልነበረም። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2021 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ለባንኮች ደብዳቤ ጻፈ፤ በክሪፕቶ የሚገበያዩ ሰዎችንና የመገበያያዎችን ሂሳብ ለይተው እንዲዘጉ አዘዘ። ደብዳቤው የዘጋው በባንክ በኩል የሚያልፈውን የናይራ መስመር ነው።

ሰዉ ንግዱን አልተወም። ፒ ቱ ፒ ወደሚባለው አሠራር ዞረ። በዚህ አሠራር ሻጩ ክሪፕቶውን በመገበያያው መድረክ ላይ ያስይዛል፤ ገዢው ናይራውን ከራሱ ባንክ በቀጥታ ወደ ሻጩ ባንክ ይልካል፤ ሻጩ ገንዘቡ ደርሶኛል ሲል መድረኩ የተያዘውን ክሪፕቶ ለገዢው ይለቃል። በባንኩ መዝገብ ላይ የሚታየው ከአንድ ግለሰብ ወደ ሌላ ግለሰብ የተላከ ገንዘብ ብቻ ነው።

በዲሴምበር 2023 ማዕከላዊ ባንኩ አቋሙን ቀየረ፤ ባንኮች ፈቃድ ላላቸው የክሪፕቶ ድርጅቶች ሂሳብ እንዲከፍቱ መመሪያ አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ናይራ ክፉኛ ወደቀ፤ መንግሥትም ጣቱን ወደ ክሪፕቶ መገበያያዎች ቀሰረ። የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ ኦላዬሚ ካርዶሶ በፌብሩዋሪ 2024 በአንድ ዓመት ውስጥ 26 ቢሊዮን ዶላር ምንጫቸውና ማንነታቸው በሚገባ ካልታወቀ ሰዎች በባይናንስ ናይጄሪያ በኩል አልፏል አሉ። የባይናንስ ሁለት ኃላፊዎች አቡጃ ውስጥ ተያዙ። ኩባንያውም በማርች መጀመሪያ የናይራ አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከማርች 8 በኋላ ናይራ ማውጣት እንደማይቻልና ያልወጣው ናይራ ዩኤስዲቲ ወደሚባለው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር ወደታሰረው ክሪፕቶ እንደሚቀየር ነገረ። ከማስታወቂያው እስከ ቀነ ገደቡ የነበረው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በዓለም ላይ ትልቁ መገበያያ መሆኑ የናይጄሪያ ደንበኛውን የባንክ መስመር አላዳነለትም።

ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ። በኦገስት 2024 የናይጄሪያ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ቡሻ እና ኩዊዳክስ ለተባሉ ሁለት የአገር ውስጥ መገበያያዎች በመርህ ደረጃ ፈቃድ ሰጠ። በማርች 2025 የወጣው አዲስ የኢንቨስትመንትና የሴኩሪቲስ ሕግ ደግሞ ክሪፕቶን በኮሚሽኑ ቁጥጥር ሥር አስገባ። በአራት ዓመት ውስጥ የሌጎስ ነጋዴ የተዘጋ በር፣ የጓሮ መንገድ፣ የተከፈተ በር፣ እንደገና የተዘጋ በር፣ ከዚያም ፈቃድ ያለው መስመር አይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ መገበያያው በመላው ዓለም ያለው ዝና አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛው ባለበት አገር ገንዘብ ወደ ባንክ እንዲከፍል መፈቀዱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየጊዜው እንደገና መታየት አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገር ውስጥ ባንክ መክፈሉ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በቱርክ ቶዴክስ የተባለው መገበያያ የቱርክ ሊራ ያስገባና ያወጣ ነበር፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ነበሩት። በኤፕሪል 2021 ድንገት ሥራ አቆመ፤ መሥራቹ ፋሩክ ፋቲህ ኦዘር ወደ አልባንያ በረረ። በአልባንያ ተይዞ ወደ ቱርክ ከተመለሰ በኋላ በሴፕቴምበር 2023 ፍርድ ቤት 11,196 ዓመት እስራት ፈረደበት። የፍርዱ ክብደት የደንበኞቹን ሊራ አልመለሰም።

የሕንዱ መገበያያ ዋዚርኤክስም በዚሁ ረድፍ መታየት አለበት። በጁላይ 2024 ሌቦች ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ክሪፕቶ ዘረፉበት፤ ኩባንያውም ማንኛውንም ወጪ አቆመ። የተዘረፈው ክሪፕቶ ሆኖ ሳለ ሩፒ ብቻ የነበራቸው ደንበኞችም ገንዘባቸውን ማውጣት አልቻሉም ነበር። ሸጦ ገንዘቡን በመገበያያው ላይ የተወ ሰው ከአደጋው ወጣሁ ማለት አይችልም፤ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ድረስ ከኩባንያው ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው።

በኖቬምበር 2022 የወደቀው ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ ይህን በትልቁ አሳይቷል። ደንበኞቹ በሦስት ቀን ውስጥ 6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለማውጣት ተሻሙ፤ ኩባንያው ግን የደንበኞቹን ገንዘብ ለእህት ድርጅቱ አሳልፎ ሰጥቶ ነበርና መክፈል አቃተው። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በማርች 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2025 የጀመረው ክፍያ የተሰላው ኩባንያው በወደቀበት ዕለት በነበረው ዋጋ ነው፤ አንድ ቢትኮይን የነበረው ሰው ሂሳቡ በ16,871 ዶላር ተሰላለት፤ ክፍያው በጀመረበት ዕለት ግን የአንድ ቢትኮይን የገበያ ዋጋ ከ80,000 ዶላር በላይ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰው መገበያያ ሲመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃድን ይመለከታል። ፈቃዱን ከኩባንያው ድረ ገጽ ሳይሆን ከተቆጣጣሪው መዝገብ ማየት ይገባል። በአሜሪካ አንዳንድ አጭበርባሪዎች ፊንሰን በተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተመዝግበናል እያሉ የምዝገባ ወረቀት ያሳያሉ። ይህ ምዝገባ ሕገወጥ ገንዘብን ለመቆጣጠር የሚደረግ ነው፤ የኩባንያውን ጤንነት አይመሰክርም። ገንዘብ የማስተላለፍ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ ኒው ዮርክ ከ2015 ጀምሮ ለክሪፕቶ የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የፈቃድ ባለቤቶቹንም ዝርዝር በይፋ ታወጣለች። በአውሮፓ ኅብረት ሚካ የተባለው ደንብ ከዲሴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ በመገበያያዎች ላይ ይሠራል፤ በአንዱ አባል አገር ፈቃድ ያገኘ ኩባንያ በሌሎቹም መሥራት ይችላል። በእንግሊዝ የሚታየው የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው።

በእስራኤል የሚኖር ሰው ከባንኩ ጋር ያለውን ጉዳይም ማሰብ አለበት። በአገሪቱ ከቀደሙት የክሪፕቶ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ቢትስ ኦቭ ጎልድ ከሌኡሚ ባንክ ጋር ሂሳቡ እንዳይታገድ ተከራክሮ፣ በ2018 ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ አግኝቷል፤ በ2022 ደግሞ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ወስዷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ባሕሬን ሬይን ለተባለው መገበያያ በ2019 ፈቃድ ሰጥታለች፤ ዱባይ በ2022 ለዚህ ሥራ ብቻ የቆመ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች። ኩዌት ግን በ2023 በክሪፕቶ መክፈልንም ኢንቨስት ማድረግንም ከልክላለች። ዱባይ ላለች እህት የሚሠራው ምክር ኩዌት ላለችው እህቷ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ በምን ዓይነት ገንዘብና በየትኛው መረብ እንደሚከፈል ነው። ጀርመን የሚኖርና የዩሮ ሂሳብ ያለው ሰው መገበያያው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ የባንክ ዝውውር ብቻ የሚከፍል ከሆነ መሀል ላይ ያሉ ባንኮች ክፍያ ይቆርጣሉ፤ የራሱ ባንክም ምንዛሪ ሲቀይር እንደገና ይቆርጣል። በሴፓ ዩሮ የሚከፍል መገበያያ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ከዚህም በላይ የኅብረቱ አዲስ ደንብ የዩሮ አገሮች ባንኮች ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በ10 ሰከንድ የሚደርስ ክፍያ እንዲቀበሉ፣ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮም እንዲልኩ ያስገድዳል። በአሜሪካ ኤሲኤች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ዋየር የሚባለው ፈጣን ዝውውር ይፈጥናል፣ ግን ያስከፍላል።

ወጪውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የ1,000 ዶላር ቢትኮይን የሚሸጥ ሰው ይኑር እንበል። መገበያያው ለሽያጩ 1.5 ከመቶ ቢወስድ 15 ዶላር ነው። በዋየር ለማውጣት 25 ዶላር ቢጠየቅ ባንክ የሚገባው 960 ዶላር ይሆናል፤ በነጻ ኤሲኤች ቢያወጣ 985 ይደርሰዋል። መገበያያው ኮሚሽን የለብኝም ብሎ የሚገዛበትን ዋጋ ከገበያው በ3 ከመቶ ቢያወርደው ደግሞ ሰውየው 30 ዶላር ያጣል፤ ቅናሹ ክፍያ ተብሎ ስላልተጻፈ ብቻ አያየውም። ስለዚህ መታየት ያለበት በመጨረሻ ባንክ የሚገባው ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ስለ ስም ነው፤ ይህ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ክብደት አለው። ሕጋዊ የክሪፕቶ መገበያያ ገንዘቡን የሚልከው በደንበኛው ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ብቻ ነው። በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን አንዱ ሰነድ ላይ የአባቱ ስም፣ ሌላው ላይ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል አንዴ ተቀጥለው፣ አንዴ ተለያይተው ይጻፋሉ። የመገበያያው ኮምፒውተር ይህን ሁለት የተለያየ ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ክፍያው ይመለሳል ወይም ለማጣራት ይቆያል። መፍትሔው ገንዘብ ከማስገባት በፊት መታወቂያውን፣ የባንክ ሂሳቡንና የመገበያያውን ምዝገባ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። የእህትን ወይም የባለቤትን ሂሳብ መጠቀም ለቤተሰብ የተለመደ መተባበር ቢሆንም እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሂሳቡን ያሳግዳል።

አራተኛው ስለ ዋስትና የሚነገረውን ይመለከታል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የተቀማጭ ዋስትና ድርጅት ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር የሚሸፍነው ባንክ ሲወድቅ ነው። የክሪፕቶ መገበያያ ሲወድቅ አይሸፍንም፤ ክሪፕቶንም አይሸፍንም። ቮያጀር ዲጂታል የተባለው ድርጅት ደንበኞቹ የፌዴራል ዋስትና እንዳላቸው አስመስሎ ይናገር ስለነበር በጁላይ 2022 ተቆጣጣሪዎቹ እንዲያቆም አዘዙት፤ በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከኤፍቲኤክስ በኋላ ብዙ መገበያያዎች የመጠባበቂያ ማረጋገጫ የሚባል መግለጫ ማውጣት ጀምረዋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ኩባንያው በእጁ ያለውን ቢያሳይም ያለበትን ዕዳ ሁሉ ላያሳይ ይችላል። በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ የሂሳብ መግለጫ ያለው ኩባንያ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ሙከራ ይቀራል። በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ፣ ሸጦ፣ እስከ ባንክ ድረስ ማውጣትና ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት እንደተቆረጠ መጻፍ ነው። ከባንክ በኤሲኤች የገባ ገንዘብ ለተወሰኑ ቀናት ሊያዝ ስለሚችል ይህም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሙከራው የሚጠቅመው ገና ብዙ ገንዘብ ሳይገባ ሲደረግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ኢትዮጵያ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየት በባንኩ እንዳልተፈቀደ ገልጾ ሕዝቡ ከዚህ እንዲቆጠብ አሳስቧል። ቢትኮይን የሚያመርቱ ኩባንያዎች በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መግዛታቸው ብዙ ሰው ንግዱም የተፈቀደ እንዲመስለው አድርጓል። ኃይል መሸጥና በብር ክሪፕቶ ማገበያየት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ በብር ወደ ባንክዎ እንከፍላለን የሚል ማስታወቂያ ሲታይ፣ ከጀርባው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ከራሱ ሂሳብ የሚልክ አንድ የማይታወቅ ግለሰብ ነው። ለወላጅ ወይም ለልጅ ገንዘብ መላክ የሚፈልግ ሰው በባንክና ፈቃድ ባላቸው የሐዋላ ድርጅቶች ቢልክ ተቀባዩን ከጣጣ ያድነዋል።

ጣጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በፒ ቱ ፒ ብሩን፣ ናይራውን ወይም ሩፒውን የላከው ሰው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ተቀባዩ አያውቅም። ገንዘቡ ከሌላ ሰው ሂሳብ የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ሲያመለክት ፖሊስና ባንክ መንገዱን ተከትለው ሻጩ ጋር ይደርሳሉ፤ ሂሳቡም ይታገዳል። ሻጩ ወንጀል አልሠራም ይሆናል፤ የደመወዙም የቤት ኪራዩም ገንዘብ ግን በዚያው ሂሳብ ውስጥ ይታሰራል። ሌላው ማታለያ የሐሰት የባንክ መልእክት ነው፤ ገንዘቡ ገባ የሚል አጭር ጽሑፍ ይላካል፣ ሻጩ የባንክ መተግበሪያውን ከፍቶ ሳያይ ክሪፕቶውን ይለቃል። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከመድረኩ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ክሪፕቶውን መልቀቅ አይገባም።

የሐሰት መገበያያዎችም አሉ። ድረ ገጻቸው ያምራል፤ ትርፉ በየቀኑ ሲያድግ ያሳያሉ፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ገንዘብ ለማውጣት እንኳ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ አንዴ የተሳካ ሙከራ ፈቃድን ከተቆጣጣሪው መዝገብ ማየትን አይተካም። ገንዘቡ ሲበዛ ማውጣት የሚፈልገውን ሰው መጀመሪያ ግብር ክፈል፣ የማረጋገጫ ገንዘብ አስገባ ይሉታል። ሕጋዊ መገበያያ ክፍያውን ካለው ገንዘብ ላይ ይቀንሳል፤ ለማውጣት አዲስ ገንዘብ አምጣ አይልም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ክሪፕቶን በተመለከቱ ወንጀሎች በ2024 ብቻ የ9.3 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል፤ ከዕድሜ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ኪሳራ የደረሰው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። እናትና አባት ስልካቸው ላይ ምን እንደሚያዩ ልጆች ቢጠይቁ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

ሰነድ መያዝም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ2025 ግብይቶች ጀምሮ መገበያያዎች የደንበኞችን ሽያጭ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። ደንበኛው መቼ ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ በስንት ሸጠ፣ ስንት ባንኩ ገባ የሚለውን መዝግቦ ካስቀመጠ ግብር ሲያሳውቅ ይረዳዋል፤ ባንኩ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቀውም መልስ ይኖረዋል።

ክፍያው ከተባለው ቀን ካለፈ ደግሞ ደንበኛው የግብይቱን ቁጥር፣ ቀኑንና የስክሪን ፎቶውን ይዞ መጀመሪያ ወደ መገበያያው በጽሑፍ ያመለክታል፤ የራሱ ባንክም ገንዘቡን ይዞት እንደሆነ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ በአሜሪካ ወደ ግዛቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪና የፌዴራል የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ይሄዳል፤ በሌሎች አገሮች ፈቃዱን የሰጠው አካል ቅሬታ የሚቀበልበት መንገድ አለው። በዚህ መሀል ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ የሚል ሰው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቢመጣና ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቅ ሁለተኛ ዝርፊያ ነውና ቁጥሩን ዘግቶ ለፖሊስ ማሳወቅ ያሻል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅት እዚህ ላይ ያበቃል። በያላችሁበት አገር የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት መዝገብ ከፍታችሁ የምትጠቀሙበት መገበያያ ስሙ መኖር አለመኖሩን ዛሬውኑ እንድታዩ እየጠየቅን እንሰናበታለን።